የሽቦ ኤንትሬ፦ የልጅነታችንን መኪና በሐዋሳ ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር መሥሪያ መመሪያ

የመጀመሪያዋን የሽቦ መኪናዬን ታላቅ ወንድሜ የሠራልኝ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ከተማችንን «አዋሳ» ብለን ነበር የምንጽፋት። ቤታችን ከዋናው አስፋልት ብዙ አይርቅም፤ ከአዲስ አበባ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚወርዱት የጭነት መኪኖች ሲያልፉ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። የሰፈር ልጆች አልጋ ላይ ተኝተን በድምፅ ብቻ የትኛው መኪና እንዳለፈ እንናገር ነበር። ከሁሉም የምንወደው ኤንትሬን ነው። በወረቀት ስሙ ፊያት 682 ኤን 3፤ አፍንጫ የሌለው፣ ፊቱ ክብ፣ ተሳቢ አስከትሎ ዳገት ላይ የሚያቃስት። በልጅነታችን ከሽቦ የምንሠራው መኪና ሁሉ እሱን ለመምሰል ነበር የሚሞክረው።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጆች እኔ ጋ ሰነበቱና ታናሽየዋ «አክስቴ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ በምን ነበር የምትጫወቺው?» አለችኝ። በአፌ ልነግራት ጀመርኩ። ሻንሲ፣ መሪ፣ የነጠላ ጫማ ጎማ ስላት ዓይኗን ታንከራትታለች። ነገሩ በወሬ እንደማይሆን ገባኝና ፒንሳ አመጣሁ። ጣቶቼ እኔ ረስቼዋለሁ ያልኩትን አልረሱም ነበር። ከዚያ ወዲህ አምስት መኪና ሠርተናል። ከታች ያለው አሠራር ከአምስቱ የተረፈው ነው፤ ልኬቱን ሁሉ ለክቼ ነው የጻፍኩት።

አንድ ሙሉ ቅዳሜ ያዙለት። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ሽቦ ማጠፍ ይችላል፤ መቁረጡንና የጋለ ሚስማር መያዙን ግን አዋቂ ይሥራው።

ዕቃ መሰብሰብ

ሁለት ዓይነት ሽቦ ያስፈልጋል። ለአካሉ ውፍረቱ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሽቦ፣ 8 ሜትር ያህል። ለማሰሪያ ደግሞ ግንበኞች የአርማታ ብረት የሚያስሩበት ጥቁሩ ቀጭን ሽቦ፣ አምስት ሜትር ይበቃል። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ገብቶ መግዛት ይቻላል። ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት እየተሠራ ከሆነ ግን ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱና ሠራተኞቹን ጠይቁ። ቁርጥራጭ ሽቦ ለሚለምን ልጅ «የለም» የሚል ግንበኛ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ አንዳንዶቹማ እንደውም ሥራቸውን አቁመው የራሳቸውን የሽቦ መኪና ማውራት ይጀምራሉ።

አሮጌ ጥቁር ሽቦ ደርቆ አልታጠፍ ካላችሁ ከሰል ፍም ውስጥ ከትታችሁ እስኪቀላ አቆዩት፤ ከዚያ አውጥታችሁ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ተዉት። ውሃ አትድፉበት። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ሽቦ እንደ ጅማት ይለሰልሳል። ነጩን፣ በዚንክ የተለበጠውን ሽቦ ግን በምንም ምክንያት እሳት ውስጥ አትክተቱ፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ይመርዛል።

ለጎማ ሁለት ጥንድ ያለቀ ነጠላ ጫማ ፈልጉ። ቤት ከሌለ ጫማ ሰፊ ዘንድ አይጠፋም። ከጎሚስታ አንድ ክንድ የምታህል የከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ለምኑ። ቆርኪ ሃያ ያህል፤ ይህን ልጆቹ ራሳቸው ይልቀሙት። ለካሶኒው፣ ለኋላው የጭነት ሣጥን፣ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣቂ ያምራል። ከሲዳማ ደጋ የሚወርደው ቀርከሃ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ካልሆነ ካርቶንም ይሆናል።

መሣሪያው ፒንሳ፣ ሜትር፣ ረጅም ሚስማር፣ ስለት ያለው ቢላ። ይኸው ነው።

ሽቦውን ማቅናት

ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፤ መኪናው ጠማማ የሚሆነውም ለዚያ ነው። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከአጥር ቋሚ ጋር እሰሩ። ሌላውን ጫፍ አጭር ዱላ ላይ ጠምጥማችሁ፣ ሁለት እግራችሁን ተክላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። አንድ ጊዜ ጠበቅ ሲል ይሰማችኋል፤ ያን ጊዜ ሽቦው ቀጥ ብሏል። ልጆቹን ከጎን አቁሟቸው እንጂ በሽቦው አቅጣጫ አታቁሟቸው፤ ቢበጠስ እንዳይመታቸው።

ሻንሲ

ሻንሲ መኪናው ሁሉ የሚያርፍበት የታች አጥንት ነው። ከወፍራሙ ሽቦ 114 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። 40 በ14 የሆነ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ እጠፉት፤ 6 ሳንቲ ሜትር ትተርፋለች። የምትተርፈው መደራረቢያ ማዕዘን ላይ ሳይሆን ረጅሙ ጎን መሃል ላይ እንድትውል ከመጀመሪያው አስቡበት፤ ማዕዘን ላይ የታሰረ ሻንሲ ሁልጊዜ ይፈታል። መደራረቢያውን በቀጭኑ ሽቦ አሥር ዙር ያህል፣ ዙሩ ከዙሩ ሳይራራቅ፣ በፒንሳ እየሳባችሁ ጠምጥሙት።

አሁን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። ሁለቱም ሰያፍ እኩል፣ ወደ 42 ተኩል ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። አንዱ ከበለጠ ሻንሲው ተንጋዷል ማለት ነውና ረጅሙን ሰያፍ በሁለት እጅ ያዙና ጨመቅ አድርጉት። ወንድሜ ይህን በሜትር ሳይሆን በስንዝርና በጣት ነበር የሚለካው፤ አንድም ቀን ተሳስቶ አላየሁትም።

ቀጥሎ ሦስት መስቀለኛ ሽቦ፣ እያንዳንዱ 18 ሳንቲ ሜትር። ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ሻንሲው ላይ አቆላልፏቸው። የመጀመሪያው ከፊት ጫፍ በ8 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀመጥ፤ መሪው የሚያልፈው እሱ ጋ ነው። ሌሎቹ አንዱ መሃል፣ አንዱ ከኋላ ጎማ በላይ።

ጎማ

የቡና ሲኒ ነጠላ ጫማው ላይ ድፉና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ። የሲኒ አፍ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለዚህ መኪና ልኩ ነው። ስድስት ጎማ ለመኪናው፣ አንድ ለስኮርታ (ለመጠባበቂያው ጎማ)፣ በጠቅላላው ሰባት ቁረጡ። ኤንትሬ ፊት ነጠላ፣ ኋላ ድርብ ጎማ ነው።

መሃሉን ለማግኘት በዚያው ሲኒ ወረቀት ላይ ክብ ቁረጡና ለአራት እጠፉት፤ እጥፋቶቹ የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። ወረቀቱን ጎማው ላይ አስቀምጡና ሚስማር ፍም ላይ አግላችሁ፣ በፒንሳ ይዛችሁ ቀዳዳውን ብሱ። ሽታው ደስ አይልምና ይህን ደጅ ሥሩት። ቀዳዳው ከሽቦው ጥቂት ሰፋ ይበል፤ ጎማው ሲሽከረከር እንጂ ሽቦውን ይዞ ሲዞር አንፈልግም።

የኋላ እግር

26 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ቁረጡ። በቀጭኑ ሽቦ ሁለት ቀለበት ሠርታችሁ ከሻንሲው ግራና ቀኝ፣ ከኋላ ጫፍ በ8 ሳንቲ ሜትር ላይ አንጠልጥሏቸው፤ ሽቦውን በቀለበቶቹ ውስጥ አሳልፉ። ከዚያ በየጎኑ ቆርኪ፣ ሁለት ጎማ፣ ቆርኪ በዚህ ተራ አስገቡና ጫፉን እጠፉት። ቆርኪው ጎማው ከሽቦ ጋር እንዳይፋተግ ይጠብቃል፤ ጥርሱ ወደ ውጭ ሲታይ ደግሞ ቸርኬ ይመስላል።

መሪ

የሽቦ መኪና ነፍሱ እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

2 ሜትር ከ60 ቁረጡና መሃሉ ላይ እጠፉት። እጥፋቱ ላይ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ አድርጉ። ትንሽ ሰሃን ላይ ጠምጥማችሁ ብትሠሩት ክቡ ይስተካከላል። ይህ መሪው ነው። ከክቡ በታች ያሉትን ሁለት ሽቦዎች እንደ ገመድ እርስ በርስ ግመዷቸው። አንድ ልጅ ክቡን ይያዝ፣ አንዱ ታች ያለውን ጫፍ ይያዝና በተቃራኒ አቅጣጫ ያዙሩ። የኔዎቹ ይህን ሲሠሩ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ግምዱ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ አቁሙ።

የቀሩትን ሁለት ጫፎች ግራና ቀኝ ዘርግታችሁ በየጎኑ 11 ሳንቲ ሜትር አስተካክሉ። አሁን ዘንጉ ከታች ተገልብጦ የቆመ «ቲ» መሰለ። የተዘረጉት ሁለት ክንዶች የፊት እግር ናቸው፤ በየአንዳንዳቸው ቆርኪ፣ አንድ ጎማ፣ ቆርኪ አስገብታችሁ ጫፋቸውን እጠፉ።

ዘንጉን ከፊተኛው መስቀለኛ ሽቦ መሃል አስጠጉትና በቀጭን ሽቦ ዙሪያውን ላላ ያለ ቀለበት ሥሩለት፤ ዘንጉ ውስጡ እንዲዞር፣ ግን እንዳይዋልል። ከቀለበቱ በታች ዘንጉ ላይ ቀጭን ሽቦ ደጋግማችሁ በመጠምጠም ጉብታ አውጡ። ሻንሲው የሚያርፈው በዚያ ጉብታ ላይ ነው። ጉብታው ከሌለ መኪናው አፍንጫውን መሬት ላይ ይጎትታል። ከፍታው ከኋላው ጋር እስኪስተካከል ጉብታውን ወደ ላይ ወደ ታች እያላችሁ ልኩን አግኙ።

አሁን ዋናው ምስጢር። ዘንጉ በጣም ወደ ኋላ ከተጋደመ መሪው ሲዞር አንደኛው የፊት ጎማ ከመሬት ይነሳል። ብዙ ልጆች «መኪናዬ አይጠመዘዝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ዘንጉ ከመሬት ጋር 60 ዲግሪ ያህል ይቁም። ያን ጊዜ መሪው የስምንት ዓመት ልጅ ወገብና ደረት መካከል ይደርሳል፤ ልጁም ከካሶኒው ኋላ ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ለታናሽ ልጅ ዘንጉን ማሳጠር እንጂ ማጋደም መፍትሔ አይደለም።

መሪውን በከመነዳሪ ጭረት ጠምጥሙት። እጅ አይቆርጥም፣ እውነተኛ የሹፌር መሪም ይመስላል።

ጋቢና

ወርዱ እንደ ሻንሲው 14፣ ቁመቱ 12፣ ጥልቀቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ቤት ሥሩ። የጥልቀቱ ልክ ያለ ምክንያት አይደለም። በ60 ዲግሪ የቆመው ዘንግ ከሻንሲው ተነስቶ 12 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስለዚህ ልክ ከጋቢናው የኋላ ላይኛው ሽቦ ላይ ያርፋል። እዚያ ሁለተኛ ቀለበት ሥሩለት። ዘንግ በሁለት ቀለበት ካልተያዘ መሪው ይንገዋለላል።

ፊቱን ትንሽ ወደ ውጭ አጎንብሱት፤ የኤንትሬ ግርማው ያ ነው። መብራቱ ሁለት ቆርኪ። እህቴ ድሮ የእኔን መኪና ጋቢና በነጠላ ጥለት ቁራጭ መጋረጃ ታደርግለት ነበር፤ ሹፌሮቹ እንደሚያደርጉት። ዘንድሮም ልጆቹ ያንን ሲሰሙ ወዲያው ጨርቅ ፍለጋ ተበተኑ።

ካሶኒው የቀረው 25 ሳንቲ ሜትር ነው። የቀርከሃውን ስንጣቂ ጎን ለጎን ደርድራችሁ እሰሩ፤ ጎኑ አምስት ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከፍ ካለ ጭነቱ ኮርና ላይ ይገለብጠዋል። ጭነት የሌለው ኤንትሬ ኤንትሬ አይደለም። እኛ የምንጭነው የቡና ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ አንዳንዴ አሸዋ ነበር። ከባዱን ነገር ከታችና ወደ ኋላ ጎማ አስጠግታችሁ ጫኑ።

መጨረሻ ላይ እጃችሁን ሽቦው ላይ በሙሉ አሂዱ። የሚወጋ ጫፍ ካገኛችሁ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በከመነዳሪ ሸፍኑት። ይህን ሳትጨርሱ ለልጅ አትስጡ።

መንዳት

የመጀመሪያው መንገድ ሜዳ ላይ አሥር እርምጃ ቀጥታ ይሁን። መሪው ሳይነካ ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብል ከሆነ ሰያፎቹን እንደገና ለኩ፤ ሰያፉ ደህና ከሆነ የኋላው እግር አንድ ጎኑ ወደ ፊት ቀድሟል። ጎማው የሚወላገድ ከሆነ ቀዳዳው መሃል ላይ አይደለም፤ አዲስ ቁረጡ እንጂ ያንን ለማዳን አትድከሙ።

በእኛ ጊዜ የሰፈሩ መንገድ አፈር ነበር፤ የጎማ ፋናችንን ወደ ኋላ እየዞርን እናያለን። አሁን ኮብልስቶን ነው። የነጠላ ጫማ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ከቆርኪ ጎማ በጣም ይሻላል፤ ቢሆንም በየድንጋዩ መጋጠሚያ ይነጥራልና ማሰሪያዎቹን በየሳምንቱ አጥብቁ። ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ልጅ ብቻውን አይንዳ፤ መሪውን የያዘ ልጅ ዓይኑ ጎማው ላይ ነው፣ ቀና አይልም። እኛ ማለዳ ነፋሱ ሳይነሳ ሐይቁ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ እንወስዳቸዋለን። አባኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ረጅም እግራቸውን ተክለው ሲያዩን ታናሽየዋ ትራፊክ ፖሊስ ናቸው ብላ ፍጥነቷን ትቀንሳለች።

ባጃጅ የሚፈልግ ልጅ ሲመጣ

ይመጣል። የእህቴ ልጅ ኤንትሬን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው ባጃጅ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። በኋላ ሳስበው እኛም የሠራነው በደጃችን የሚያልፈውን ነው። ስለዚህ ባጃጅ ሥሩለት፤ አሠራሩ እንደውም ይቀላል። የመሪውን ሁለት ጫፍ ግራና ቀኝ ከመዘርጋት ይልቅ ወደ ታች አጥፋችሁ እንደ ባላ አድርጉትና አንድ ጎማ መሃላቸው አስገቡ። ሻንሲው 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ጣሪያው ሰማያዊ ፌስታል ይሁን።

ጎማ የሚያርፍበት ሰዓት

እጅ ሲደክም የጨርቅ ኳስ ስፉ። ያረጀ ካልሲ ውስጥ ፌስታል አስቀድማችሁ፣ በላዩ ጨርቅ ጠቅጥቁ፤ አፉን ጠምዝዛችሁ ካልሲውን መልሳችሁ በራሱ ላይ ገልብጡት፣ ከዚያ ስፉት። ፌስታሉ መሃል ሲሆን ኳሱ ትንሽ ይነጥራል። በዚህ ኳስ ፔፕሲ ይጫወታሉ፦ ሁለት ወርዋሪ ከሁለት ወገን፣ የቀሩት መሃል፣ የተመታ ይወጣል። ከላስቲክ ኳስ ይልቅ ይህ ስለማያምም ታናናሾቹም አይፈሩም። ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ማስመር፣ ሱዚ ላስቲክ መዘርጋት፣ ይህን ለእናቶቻቸው ተዉላቸው፤ የትኛዋም እናት አልረሳችውም።

ሲመሽ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አጥፉና ሰብሰብ በሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የልጆችን ጊዜ የያዙት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኛ ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን፣ እሳቸው የሚሰሙን ይመስል ጮክ ብለን እንመልስ ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው በጣት የሚቆጠር ቤት ነው፤ ባለቤቲቱ እግራችንን ታጥበን እንድንገባ ብቻ ነበር የሚጠይቁን። ዛሬ ያንን ምሽት ለመመለስ ስክሪን አያስፈልግም። በርጩማ ላይ አንድ አዋቂ ይቀመጥ፣ ልጆቹ መሬት። «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» ብለው እንዲመልሱ አስተምሯቸው። መልሱን ካላወቁ ተረቱ አይጀመር።

ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ። ደንቡን አታላሉ፦ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል፣ ያልፈታ አገር ይሰጣል። በልጅነታችን ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን በአንድ ምሽት ስንሰጥ አንሳሳም ነበር፤ አዋሳን ለመስጠት ግን አንዳችንም አንደፍርም።

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽየዋ የጠየቀችኝን መፍታት አቃተኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። «አገር ስጪኝ» አለች።

«ሞያሌን ሰጠሁሽ።»

«ሞያሌ ሄጄ ምን አጥቼ!» አለችና ብድግ ብላ ከበሩ አጠገብ የቆመውን ኤንትሬዋን አዞረች። ስኮርታው ከሻንሲው ሥር መታሰሩን ጎንበስ ብላ አየች፣ ካሶኒው ላይ ትራሷን ጫነች፣ በጨለማው ግቢውን መዞር ጀመረች። የእንቆቅልሹን መልስ እስካሁን አልነገረችኝም።